ሙሽራይቱ ጭሮ እስክትገባ

የፒክአፗ የሙቀት መለኪያ መርፌ ከመሃል ዝንፍ አላለችም። ከአሰቦት ተራራ ግርጌ ከተነሡ ጀምሮ ዘርፈሽዋል እየነዳች በየደቂቃው ታያታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የምታውቃት መርፌ ዳገት ባየች ቁጥር ሽቅብ የምትሮጥ፣ ሜዳ ላይም ቢሆን ሰበብ ፈልጋ የምትወጣ ነበረች። ዛሬ ግን በዚያ ሁሉ ሐሩር፣ አቧራው እንደ ዱቄት በሚቦንበት ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዘርፈሽዋል ከስንት ጊዜ በኋላ ትከሻዋን ዘና አደረገች። ከኋላ ሁለት ጀሪካን ጠበል ተጭኗል፤ አጠገቧ ጠዋት የተጠመቀችው ልጇ ዮሐና፣ ከዮሐና ወዲያ ጎረቤታቸው በክሪ ተቀምጠዋል፤ ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ሁሉም ነገር ደህና ነው አለች በሆዷ።

መርፌዋ ያልተነቃነቀችው ሞተሩ ስላልጋለ ሳይሆን ሽቦዋ ስለተነቀለ መሆኑ የገባት፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ፈንድቶ የፊት መስተዋቱ በነጭ እንፋሎት ሲሸፈን ነው።

«አጥፊው፣ አጥፊው» አለ በክሪ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

አጠፋችው። ፒክአፗ ትንሽ ተንገዳግዳ ከቆንጥሩ መካከል ቆመች። ከእንፋሎቱ ፉጨት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«መርፌዋ እኮ አልወጣችም» አለች ዘርፈሽዋል።

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ሀዳ ዮሐና፣ ይቺ መኪና ደስ ያሰኘችሽ ቀን ነው መፍራት» አለ በክሪ እየወረደ። በክሪ ስሟን ጠርቷት አያውቅም፤ እንደ ሰፈሩ ልማድ በኦሮምኛ «የዮሐና እናት» ነው የሚላት።

መኪናዋ ከዮሐና በዕድሜ ትበልጣለች። የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው የዘርፈሽዋል ባል ኪሮስ ከአንድ ነጋዴ ገዝቷት፣ ለሚስቱ መንዳት አስተምሮባት፣ ችግሯን ሁሉ ለሚስቱ ትቶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ጭሮ ውስጥ «ሙሽራይቱ» ይሏታል፤ ያለ ሚዜ ከደጅ አትወጣማ። ሚዜዋ ጎረቤታቸው መካኒኩ በክሪ ነው። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ዘርፈሽዋል ከከተማ ስትወጣ በክሪ መሣሪያውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጎኗ ይቀመጣል።

ለዚህ ጉዞ ግን የበክሪ መሣሪያ ብቻ የሚበቃ አልመሰላትም። ዘርፈሽዋል ከመነሣቷ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ስታስብ አድራ፣ ላሰበችው ሁሉ መድኃኒቱን ጭናለች፦ ሽቦ፣ ገመድ፣ መዶሻ፣ ሳሙና፣ አሮጌ የውስጥ ጎማ፣ ሸራ፣ ፊሽካ። በክሪ ጭነቱን አይቶ «ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» ብሏት ነበር።

የምትፈራው በከንቱ አይደለም። ነገ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይጀመራል። ተፈታኞች ዛሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ጭሮ አጠገብ ካለው የፈተና ግቢ መግባት አለባቸው። አሥራ ሁለት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተፈታኝ ዓመቱን አቃጥሎ ይመለሳል። ዮሐና አምና በታይፎይድ ተኝታ አንድ ዓመት አቃጥላለች። ያን ጊዜ ነው ዘርፈሽዋል አልጋዋ ሥር ተንበርክካ፣ ልጄን ብታድንልኝ ለፈተና ከመቀመጧ በፊት አሰቦት ወስጄ ጠበል አጠምቃታለሁ ብላ የተሳለችው።

ጉዞው ለእሑድ ነበር የታሰበው። እሑድ ሙሽራይቱ ፍሪሲዮኗ አልይዝ አለ። ማክሰኞ ባትሪዋ ሞተ። ሐሙስ ፍሬኗ። እንዲህ እያለ ስለቱ እስከ መጨረሻው ቀን ተንከባለለ። ዮሐና «እማዬ፣ ከፈተናው በኋላ ብንሄድስ?» ብላ ለምናት ነበር። ዘርፈሽዋል ግን «ከፈተናው በፊት ነው ያልኩት፤ ለእግዜር ቃሌን ለውጬ ምን ፊት ይኖረኛል?» አለቻት። በዚህ ምክንያት ነው በፈተናው ዋዜማ፣ ማንም ያልመከረው መኪና ውስጥ፣ ማንም ውሃ በማያገኝበት ሜዳ ላይ የቆሙት።

በክሪ ኮፈኑን በጨርቅ ይዞ ከፈተ። የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ጎኑ ተተርትሯል።

«የውስጥ ጎማ ይዣለሁ ብለሻል?»

«ቆርጬ ነው ያመጣሁት፤ ስፋቱ አራት ጣት።»

በክሪ ቀና ብሎ አያት። «ይሄ ቱቦ እንደሚፈነዳ ታውቂ ነበር?»

«የማይፈነዳውን ነው የማላውቀው።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንዲት ቀጫጫ ግራር ነበረች፣ የእርሷንም ጥላ ፍየሎች ቀድመው ይዘውታል። በክሪ ጎማውን በተቀደደው ላይ ደጋግሞ ጠመጠመ፣ በሽቦ አሰረ፣ በፒንሳ ጠመዘዘ። የሚጠጡትን ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሲጨምሩበት ራዲያተሩ ጎርጎር ብሎ ዋጠውና እንደገና ባዶ አፉን ከፈተ።

ሦስቱም ዞረው ጀሪካኖቹን አዩ።

«እኔ አልነካውም» አለ በክሪ። «ሰው የተሳለበትን ውሃ ብረት ውስጥ አልደፋም። ባለቤቱ አንቺ ነሽ።»

«ሌላ ውሃ የት ይገኛል?»

«አስፋልቱ ጋ ከደረስን ሚኤሶ። በእግር ከሄድን ማታ።»

ዘርፈሽዋል የጀሪካኑን ክዳን ነካ አደረገች። በልቧ ስንት ነገር ተመላለሰ። ይህን ብትደፋ፣ ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛት፣ ዕድሜ ልኳን የምትወቅሰው ራሷን ነው። ባትደፋውም እንዲሁ።

«እማዬ» አለች ዮሐና፣ «ጠበሉን የወሰድነው ለማን ነው?»

«ለአንቺ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ያለሁት እዚህ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሆን ያለብኝ እዚያ ነው።»

ዘርፈሽዋል ጫማዋን አወለቀች። አሸዋው እንደ ፍም ያቃጥል ነበር፤ ግን በጫማ ጠበል አይነካም። በክሪ አይቷት ምንም ሳይል ነጠላ ጫማውን አውልቆ ጎኗ ቆመ። እሷ «በስመ አብ» ብላ አማተበች፤ እሱ በጥርሱ መካከል «ቢስሚላህ» አለ። ጀሪካኑን አንድ ላይ ይዘው አጋደሉት። አንዱ ጀሪካን አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ራዲያተሩ ሞላ። ቱቦው ቢያልበውም አላፈሰሰም።

ሙሽራይቱ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች።

ከአስፋልቱ በፊት አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። ጠዋት ሲያልፉት አሸዋና የግመል ዱካ ብቻ ነበር። አሁንም አሸዋ ነው። ዘርፈሽዋል ግን ከመግባቷ በፊት ቆም ብላ ወደ ምሥራቅ አየች። እነሱ ያሉበት ሰማይ ጠራርጎ ሰማያዊ ነው፤ የጨርጨር ተራሮች አናት ግን እንደ ጥቀርሻ ጠቁሯል።

«እዚያ እየዘነበ ነው» አለች።

«እዚያ ነው። እኛ እዚህ ነን» አለ በክሪ።

«ውሃው ወዴት ይመጣል ታዲያ?»

በክሪ አሸዋውን በዓይኑ ለካ። «ዴሚ» አላት፣ ሂጂ ማለቱ ነው፤ «ሳትቆሚ ሂጂ።»

ገባች። በሁለተኛ ማርሽ አሸዋውን እየሰነጠቀች ግማሽ ድረስ ጥሩ ሄደች። ከዚያ የፊት ጎማ አንድ የተቀበረ ግንድ ላይ ወጥቶ ወረደ፣ መኪናዋ ተናወጠች፣ ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ቁልፉን አዞረች። «ጠቅ» አለ። ደግማ አዞረች። «ጠቅ።»

«ሞተሪኖዋ ናት፣ ማስነሻዋ» አለ በክሪ እየዘለለ። «ስትግል እንዲህ ታደርጋለች። መዶሻውን።»

መዶሻው ከእግሯ ሥር ነበር፤ ሰጠችው። በክሪ በደረቱ አሸዋው ላይ ተኝቶ ከሥር ገባ። ዮሐና ሳይነግሯት ወርዳ ሸራውን ጎትታ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት በእጇ አሸዋውን እየዛቀች ታነጥፍ ጀመር።

ያን ጊዜ ዘርፈሽዋል የባቡር ድምፅ ሰማች። ከሩቅ የሚመጣ፣ መሬት ለመሬት የሚጎተት ጉርምርምታ። ባቡሩ ነው ብላ ተጽናናች። ወዲያው ግን ሐዲዱ በስተግራቸው እንደሆነ ትዝ አላት፤ ድምፁ የሚመጣው በስተቀኝ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ነው።

«በክሪ፣ ውሃ እየመጣ ነው።»

«አይቻለሁ ወይስ ሰምቻለሁ ነው የምትዪው?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን። እኔ ስመታ አዙሪ።»

መዶሻው ብረቱን መታ። አዞረች። ምንም። መታ። አዞረች። ምንም። መታጠፊያው ላይ ቡናማ የውሃ ምላስ ብቅ አለች፤ ቁመቷ ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፣ ከፊቷ አረፋና ጭራሮ እየገፋች ትመጣለች። ከኋላዋ ያለው ግን ቁርጭምጭሚት አልነበረም። አንድ ሙሉ ግራር ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ቅርንጫፉን ወደ ሰማይ እያወጣ እያስገባ ይንከባለል ነበር።

«ዮሐና፣ ግቢ» አለች ዘርፈሽዋል። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት፤ አልተንቀጠቀጠም።

«ይቺን ጫፍ ላስገባ።»

«ግቢ አልኩሽ።»

መዶሻው አራተኛ ጊዜ መታ። ሞተሪኖዋ እንደ ታመመች ድመት ጮኸችና ሞተሩን ያዘችው። በክሪ ከሥር ተንከባሎ ወጥቶ ከኋላ ተንጠለጠለ። ዮሐና በሯን ሳትዘጋ ገባች። ጎማዎቹ ሸራውን ነከሱ፣ መኪናዋ ወደፊት ተስፈነጠረች። ውሃው ከጎን ሲመታቸው በዮሐና ክፍት በር ገብቶ እስከ ጉልበታቸው አጨቀያቸው፤ የመኪናዋ የኋላ ክፍል ወደ ግራ ሸርተት አለ። ዘርፈሽዋል ኪሮስ ያስተማራትን አስታወሰች፦ መሪውን አትታገዪ፣ ነዳጁን አትልቀቂ። አልለቀቀችም። የፊት ጎማዎቹ ዳር ያለውን ጠጠር ያዙ፣ የኋላዎቹ ተከተሉ፤ ሙሽራይቱ ከጎኗ ውሃ እያንጠባጠበች ማዶ ወጣች።

ዞረው ሲያዩ ሸራው ጠፍቷል። የቆሙበት ቦታ ላይ ግራሩ እየተሽከረከረ ነው።

በክሪ ከኋላ በመስኮቱ በኩል ፊቱን አስገባ፤ ከጢሙ አሸዋ ይረግፋል። «ሁለት ዜና አለ» አለ። «ተርፈናል። ሞተሪኖዋ ተቃጥላለች። ከዚህ በኋላ ጭሮ እስክንገባ ሞተሩን ካጠፋሽ፣ ገፍተን ነው የምናስነሣት።»

ሚኤሶ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፉ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ባዶውን ጀሪካን ውሃ ሞሉት። በመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች ሞተር ሳይክል ተደግፈው ያዩአቸዋል። አንደኛው ቀይ ኮፍያ አድርጓል። ዘርፈሽዋል ዓይናቸው ልጅቷ ላይ ሳይሆን ጎማዎቹ ላይ መሆኑን አይታ ትንሽ ቀለላት፤ ከዚያ ለምን እንደቀለላት አሰበችና መልሶ ከበዳት።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ወደ ጭሮ ሽቅብ ይጀምራል። ገደሉን እየታከከ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሦስተኛው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ በክሪ አፍንጫውን አሾለ፤ መርፌዋ ምንም ባትናገርም የጋለ ብረት ሽታ ነበር። ቱቦው እንደገና ያልበዋል። ቆሞ ውሃ መጨመር የግድ ሆነ።

«ሞተሩን ማጥፋት ሊኖርብን ነው» አለ በክሪ። «የት ላይ ትቆሚያለሽ?»

ዘርፈሽዋል አስቀድማ አስባበት ነበር። ከበላያቸው ያለውን ቀጥ ያለ ዳገት መረጠች፤ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ፣ ከኋላዋ ሰፊና ባዶ ቁልቁለት ትታ አቆመች። ማስነሣት ሲፈልጉ ወደ ኋላ ትንከባለላለች፣ በኋላ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስትለቅላት ሞተሩን ትይዛለች። የእጅ ፍሬኗን ጎተተች፤ በክሪ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። በክሪ ኮፈኑን ከፍቶ አዲስ ጎማ ይጠመጥም ጀመር፤ ዮሐናም ከመቀመጫው ኋላ የነበረውን የዳቦ ፌስታል አውጥታ ከመኪናዋ ጎን አስቀመጠች።

ዝንጀሮዎቹ ከየት እንደመጡ ማንም አላየም። ከገደሉ ጠርዝ ሃያ የሚሆኑ ወረዱ፤ አንድ ግዙፍ ወንድ፣ ጋማው እስከ ክርኑ የሚወርድ፣ እንደ ባለቤት ዝግ ብሎ መጥቶ የዳቦውን ፌስታል አንሥቶ ሄደ።

«ይብላው» አለ በክሪ ሳይዞር። «ዳቦ ነው።»

ዘርፈሽዋል ግን ፊቷ አመድ መሰለ። «ካርዱ» አለች።

«የምን ካርድ?»

«የፈተና መግቢያ ካርዷ። ዳቦው ውስጥ ነው።»

በክሪ ፒንሳውን አስቀመጠ። ዮሐናም እናቷን አየቻት።

«ሽፍታ ዳቦ አይፈትሽም ብዬ» አለች ዘርፈሽዋል። «ሆዱን ሰንጥቄ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ…»

«ወላሂ» አለ በክሪ፣ «ሽፍታ ባይፈትሽም ዝንጀሮ ይፈትሻል።»

ዘርፈሽዋል ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ስትል ዮሐና ክንዷን ያዘቻት። «ከወረወርሽበት ይዞት ገደል ይገባል። ሌላውን ዳቦ ስጪኝ። ወንበሩ ሥር ያለውን።»

«አንቺ አትሄጂም። ያን የሚያህል ጥርስ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። እማዬ፣ የፈተናው ባለቤት እኔ ነኝ። ስጪኝ።»

ሰጠቻት። ዮሐና አልሮጠችም። ጎኗን ሰጥታ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ እየተራመደች ሽቅብ ወጣች፤ በየርምጃው ከዳቦው ቆርሳ ወደ ግራ በኩል፣ ከወንዱ ርቆ ወዳሉት ሴቶችና ግልገሎች ትወረውራለች። ዘርፈሽዋል በዚያች ደቂቃ ውስጥ ልጇን ሦስት ጊዜ ቀበረች። እዚያ ማዶ ግርግር ተነሣ፤ ግልገሎቹ ተናጠቁ፣ አንዷ ጮኸች። ወንዱ የገዛ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ከውስጡ አንድ የማይበላ ነገር አገኘ፤ ነከሰው፣ አሽትቶ ጣለውና ቤተሰቡን ሊያስታርቅ ሄደ። ዮሐና ጎንበስ ብላ ላስቲኩን አነሣች፤ እንደወጣችው ዝግ ብላ ወረደች።

ካርዱ አንድ ጥጉ ላይ ተበስቷል። ፎቶዋና ቁጥሩ ግን ደህና ናቸው።

«ጎበዝ» አለ በክሪ፤ ከዚያ ወደ ዘርፈሽዋል ዞሮ «ይቺን ልጅ ማን እንዳሳደጋት ታውቂያለሽ?» አላት።

ካርዱን ዮሐና ራሷ ኪሷ ከተተችው። ዘርፈሽዋል እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

በክሪ ቱቦውን ጠምጥሞ፣ ውሃውን ሞልቶ፣ ሌላ የላላ ነገር ሊያጠብቅ ከመኪናዋ ሥር እንደገባ የሞተር ሳይክል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች ናቸው። አልፈዋቸው ሄዱ፣ ተመለሱ፤ ሞተራቸውን ልክ ከመኪናዋ ኋላ፣ ከጎማው ሥር ባለው ድንጋይ አጠገብ አጋድመው አቆሙት።

«እንዳትንሸራተት ብለን ነው» አለ ባለ ቀይ ኮፍያው። «ምን ሆነች?»

«ደህና ናት» አለች ዘርፈሽዋል።

«ደህና መኪና ዳገት ላይ አይቆምም፣ እናቴ። ወዴት ናችሁ?»

«ጭሮ።»

«ልጅቷ ተፈታኝ ናት አይደል? ሚኤሶ ላይ ስታወሩ ሰምተናል።» ሰዓቱን አየ። «አሥር ከሩብ አልፏል። በዚች መኪና አትደርስም። እኛ ቶሎ እናድርሳት፤ ጓደኛዬ ደግሞ እዚህ ሆኖ መኪናችሁን ይጠብቃል።»

አነጋገሩ ለስላሳ ነበር። ዮሐና ወደ እናቷ አየች፤ ዓይኗ ውስጥ ያለፈው ዓመት ነበር። «እማዬ፣ ብሄድስ?» አለች ቀስ ብላ።

ዘርፈሽዋል ሌላ ቀን ቢሆን ትጮህ፣ ታለቅስ፣ ትለምን ነበር። ዛሬ ግን ስታየው ነገሩ ግልጽ ነው። የዚህ ሰውዬ ጓደኛ እያወራ ሳይሆን የኋላውን ጎማ ብሎኖች እየቆጠረ ነው፤ የበክሪን የጎማ መፍቻም ከመሬት አንሥቶ ይዟል። አንዱ ልጇን፣ አንዱ መኪናዋን ነው የሚፈልገው፤ ጥቅሙ የቱ እንደሆነ እንኳ ገና አልተስማሙም። እሷ ግን እንቅልፍ አጥታ ባደረችበት ሌሊት ይህን ሁሉ በሐሳቧ ደርሳበት፣ ወጥታበታለች። አዲስ አልሆነባትም።

«አትሄጂም» አለች። «መኪና ውስጥ ግቢ። በክሪ፣ ከሥር ውጣ።»

«ሁለት ብሎን ቀርቶኛል።»

«ይቅርብህ። ድንጋዩን አንሣና ከኋላ ውጣ።»

በክሪ አንዴ አያት፣ አልተከራከረም። ኮፈኑን ዘጋ። ድንጋዩን ሲጎትት መፍቻ የያዘው ሰው ፊቱ ቆመ፤ በክሪ ግን ድንጋዩን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። ድንጋዩ ትልቅ ነበር። ሰውዬው ግማሽ ርምጃ ሸሸ።

ዘርፈሽዋል ገብታ በሩን ዘጋች። በመስኮቱ «ሞተርህን አንሣ» አለችው።

ባለ ቀይ ኮፍያው ሳቀ። «ባላነሣስ?»

«ይቺ መኪና ሐሙስ ዕለት ፍሬኗ ተበላሽቶ ነበር። ተሠርቷል ብለውኛል። እኔ ግን አላምናትም።»

የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች።

ሙሽራይቱ ለአፍታ አመነታች፤ ከዚያ ከነክብደቷ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ባለ ቀይ ኮፍያው ሳቁን አቋርጦ ሞተሩን ሊያነሣ ዘለለ፣ አልደረሰም፤ መከላከያዋ ሞተር ሳይክሉን ገፍቶ ፍጭጭ እያደረገ ወደ ቦዩ ወሰደው። ፍጥነት ያዘች። ዘርፈሽዋል የኋላ ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ ሞተሩ አስነጠሰ፣ አልያዘም። መታጠፊያው ከኋላ እየቀረበ ነው፤ ከመታጠፊያው ማዶ አየር ብቻ ነው።

«እማዬ» አለች ዮሐና።

«አየሁት።»

ፍሪሲዮኑን ረግጣ፣ ፍጥነቱ እስኪጨምር አንድ ሁለት ብላ ቆጥራ፣ ደግማ ለቀቀች። በዚህ ጊዜ ሞተሩ አገሳ። ፍሬኑን ረገጠች፤ አልያዘም፤ ደግማ ረገጠች፤ በሦስተኛው ያዘ። ጠጠር ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወደ ገደሉ ወረደ፤ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

አንደኛ ማርሽ። ሽቅብ። ሁለቱ ሰዎች ከቦዩ ሞተራቸውን ሲጎትቱ አጠገባቸው አለፈች። አንደኛው በመፍቻው የጎን መስተዋቱን መታው፤ ሸረሪት ድር ሠራ፣ አልወደቀም። በክሪ ከኋላ ሆኖ ድንጋዩን አሁንም ታቅፎት ነበር።

«ጣለው እንግዲህ» አለችው በመስኮቱ።

«ጭሮ ስንገባ» አላት።

ከዚያ በኋላ አልቆሙም። ዘርፈሽዋል መርፌዋን ማየት ትታ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ትነዳ ጀመር፤ ሞተሩ ሲያቃስት ታበርድለታለች፣ ሲቀለው ነዳጅ ትጨምርለታለች። ጭሮ ሲገቡ ፀሐይ ተራራው ላይ ተቀምጣለች፤ ባጃጆች ግራና ቀኝ ይሯሯጣሉ፤ ሙሽራይቱ ጥሩምባዋ እንኳ ስለማይሠራ በክሪ ከኋላ ሆኖ ፊሽካውን እየነፋ መንገድ ያስከፍትላቸዋል። ሰዉ ቆሞ እየሳቀ አሳለፋቸው።

ከግቢው በር ሁለት መቶ ርምጃ ያህል ሲቀራቸው ሞተሩ፣ ያለ ጩኸት፣ ያለ እንፋሎት፣ ዝም ብሎ ቆመ።

«ሩጪ» አለች ዘርፈሽዋል።

ዮሐና ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። እናቷ ከኋላዋ ተከተለች፤ ጫማዋ አሸዋና ውሃ ሞልቶት ነበር። የብረት በሩ አንድ ክንፉ ተዘግቷል። ሌላውን ክንፍ ይዛ የቆመችው ሀዲያ የምትባል የጥበቃ ሠራተኛ ናት፤ ካርዱን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

«ይሄን ምን ነካው?»

«ዝንጀሮ» አለች ዮሐና፣ ትንፋሽ ሲያጥራት።

ሀዲያ ልጅቷን አየች፤ ከዚያ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነችውን እናት አየች፤ ከእነሱ ኋላ ድንጋይ ታቅፎ የቆመውን ሰው አየች። «ዛሬ ስንት ሰበብ ሰማሁ» አለች። «በሽታ፣ ጎርፍ፣ መኪና። ዝንጀሮ የመጀመሪያዬ ነው።» ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ ከዮሐና ፊት ጋር አስተያየች። «ቁጥሩ ይነበባል። ግቢ፣ ሴቶች በቀኝ በኩል።»

ዮሐና ዞረች። ዘርፈሽዋል ልትላት ያሰበችው ብዙ ነበር፦ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ፣ ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ፣ ማንንም አትመኚ። 

«በርቺ» ብቻ አለቻት።

«አንቺም» አለችና ዮሐና ስቃ ገባች።

የብረት በሩ ተዘጋ። በአጥሩ በኩል የሴቶቹ ማደሪያ ይታያል፤ ደጃፉ ላይ አንዲት መምህርት ስም ትጠራለች፤ ልጃገረዶቹ አቤት እያሉ አንድ በአንድ ይገባሉ። ዘርፈሽዋል በአጥሩ ፍርግርግ ጣቶቿን አስገብታ ታዳምጥ ጀመር።

በክሪ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። «እዚህ ልታድሪ ነው?»

«ስሟ እስኪጠራ።»

ብዙ ስም ተጠራ። መሸት አለ፤ አምፖል በራ። ከዚያ «ዮሐና ኪሮስ» የሚል ተሰማ፤ ጥርት ያለ «አቤት» ተከተለው፤ አንዲት ቀጭን ጥላ በመብራቱ ውስጥ አልፋ ገባች። ወደ አጥሩ አልዞረችም። ዘርፈሽዋልም አልጠራቻትም። ጣቶቿን ከፍርግርጉ አወጣች።

«ና እንግዲህ» አለችው በክሪን። «ሰፈር ድረስ እንግፋት።»

«ማን ይነዳል ማን ይገፋል?»

«አንተ ንዳ። እኔ ዛሬ ጉልበት አለኝ።»

ከኋላቸው መምህርቷ የማደሪያውን በር ጎተተች፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።